ከባንዱ የወጣው ሰውዬ አዲስ አልበም አወጣ፤ እንስማው ወይስ ይቅር?

በዚህ ወር የመጡት ጥያቄዎች ወደ አንድ ጎን አጋድለዋል። ሃርድ ሮክ፣ ያውም የድሮዎቹ፣ ያውም ከባንዱ የወጡት ወይም የተባረሩት ሰዎች። በየጓዳው የተደበቀው ሮከር ብዙ ነው ማለት ነው፣ ደስ ብሎኛል። ሁሉንም ማስተናገድ ስለማይቻል የተወሰኑትን መርጫለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጅ። የምወዳቸው ባንዶች አባላት ወጥተው ለብቻቸው አልበም ሲለቁ እየሮጥኩ ነው የምሰማው። ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዘፈን ሳልጨርስ ይደብረኛል። ድምፁ ያው ነው፣ ጊታሩም ያው ነው፣ ነገሩ ግን የለም። ችግሩ ከእኔ ነው ከእነሱ?
— ጊታር ወዳዱ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ከአንተ አይደለም ወዳጄ። ባንድ መድረክ ላይ ሲወጣ ዓይናችን መጀመሪያ የሚያርፈው ዘፋኙ ላይ ነው፣ ቀጥሎ ሶሎ የሚመታው ላይ። የምንወደውን ዘፈን የጻፈው ግን ከኋላ ድራሙ አጠገብ አንገቱን ደፍቶ የቆመው ቤዚስት፣ ማለትም ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ፣ ሊሆን ይችላል። ዘፋኙ ሲወጣ ድምፁን ይዞ ይወጣል፣ ዘፈን የሚጽፍለትን ሰው ግን እዚያው ትቶት ነው የሚሄደው። አንተ «ነገሩ የለም» ያልከው እሱን ነው። ስለዚህ አዲስ አልበም ወጣ ሲባል እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ማን ዘፈነው ብዬ ሳይሆን ማን ጻፈው ብዬ ነው።

ብላክ ሳባዝን ውሰድ። ኦዚ ኦዝቦርን የሚዘፍናቸውን ግጥሞች አብዛኞቹን የጻፈው ቤዚስቱ ጊዘር በትለር ነው። ሪፎቹ፣ ማለትም ዘፈኑ የሚቆምባቸው ተደጋጋሚ የጊታር ሐረጎች፣ የቶኒ አዮሚ ናቸው። እንግዲህ ኦዚ በ1979 ሲባረር ምን ይዞ ወጣ? ድምፁንና መጠጡን። ግን በሚቀጥለው ዓመት ብሊዛርድ ኦፍ ኦዝ የሚለውን አልበም አወጣ፣ እሱም እስከ ዛሬ የሚሰማ ሥራ ሆነ። ለምን? ጊታሩን ራንዲ ሮድስ ለሚባል የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ሰጠው፣ ግጥሙን ደግሞ ቤዚስቱ ቦብ ዴይዝሊ ጻፈለት። ኦዚ ለዜማ ጆሮ ነበረው፣ ሰው ለመምረጥ ግን ከዚያም የበለጠ ጆሮ ነበረው። በ2022 ፔሸንት ነምበር ናይንን ሲያወጣ ያንኑ አዮሚን መልሶ አመጣው፣ አልበሙም ሁለት ግራሚ አገኘ። በጁላይ 2025 መጀመሪያ ላይ በትውልድ ከተማው በርሚንግሃም ከድሮዎቹ ጓደኞቹ ጋር ተሰናብቶ፣ ወሩ ሳያልቅ አረፈ።

ሌላው ደግሞ የሜታሊካ ጊታሪስት የነበረው ዴቭ መስቴይን ነው (ሜታሊካ ሜታል ነው እንጂ ሃርድ ሮክ አይደለም የምትሉኝ አላችሁ፣ አውቃለሁ፣ ይለፈኝ)። በኤፕሪል 1983 ባንዱ የመጀመሪያ አልበሙን ሊቀዳ ኒው ዮርክ ሄዶ ነበር። አንድ ጠዋት ቀሰቀሱትና ከባንዱ ወጥተሃል አሉት። ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ካሊፎርኒያ። አገር አቋራጭ አውቶቡስ ማለት እዚያ የቀናት መንገድ ነው፣ ሰውዬው ደግሞ የሚናደድበት ጊዜ አላጣም። አልበሙ ሲወጣ ግን አራት ዘፈኖች ላይ የእሱም ስም በደራሲነት ሰፍሯል። ይህ ሰው ጊታሩን ብቻ ሳይሆን ሪፎቹንም ይዞ ነው የወጣው።

ማስረጃውን በጆሮህ ማየት ከፈለግህ የሜታሊካን «ዘ ፎር ሆርስመን» ስማ፣ ከዚያ መስቴይን ኋላ ካቋቋመው ባንድ ከሜጋዴዝ ጋር በ1985 ያወጣውን «መካኒክስ» አስከትል። መሠረቱ አንድ ነው። ሜታሊካዎች ግጥሙን ለወጡት፣ መሃሉ ላይ ቀስ የሚል ክፍል አስገቡበት፣ ሰባት ደቂቃ አለፈ። መስቴይን ያንን ሁሉ አውልቆ ጥሎ በአራት ደቂቃ ተኩል ውስጥ እየከነፈ ይጨርሰዋል። ንዴቱ ይሰማል። የትኛው ይሻላል ካልከኝ የሜታሊካው ይሻላል፣ ግን የሱን ስሰማ ነው ቁጭ ማለት የሚያቅተኝ። በ2025 የሜጋዴዝን የስንብት አልበም ሲያስታውቅ ከሜታሊካ ጋር የጻፈውን «ራይድ ዘ ላይትኒንግ»ን ጨመረበት። ከአርባ ዓመት በኋላ!

ጥያቄ፦ ማን ምን እንደጻፈ እኛ በምን እናውቃለን? ድሮ ካሴቱ ውስጥ ወረቀት ነበር። አሁን ስልክ ላይ ነው የምንሰማው።
— ከባሕር ዳር

መልስ፦ ስፖቲፋይ ላይ ከዘፈኑ አጠገብ ሦስት ነጥቦች አሉ። ነካ ስታደርጋቸው ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ የተሳታፊዎችን ስም የሚያሳይ አለ፤ ማን ተጫወተ፣ ማን ጻፈ፣ ማን ፕሮዲውስ አደረገ ይልሃል። ሁሌ የተሟላ አይደለም። ለድሮ አልበሞች ዲስኮግስ የሚባለው ድረ ገጽ ይሻላል፣ የሸክላውን ሽፋን ፊትና ጀርባ ፎቶ አንስተው የሚለጥፉ ሰዎች አሉበት። አንዴ ከገባህ ግን ሌሊቱ ያልቃል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በወጣትነታችን ኪስ የሚባለውን ባንድ ካሴት እየተዋዋስን ከሚሰሙት ነበርኩ። ኤስ ፍሬሊ ማረፉን ሰማሁ፣ አዘንኩ። ከባንዱ ከወጣ በኋላ የሠራውን ግን እምብዛም አልተከታተልኩም። የመጨረሻው አልበም ጊዜ የሚሰጠው ነው?
— የድሮ ሰው፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። አዎ፣ ይስሙት። ግን ከመጨረሻው አይጀምሩ፣ ከ1978ቱ ይጀምሩ።

ያኔ እንደሚያስታውሱት አራቱም የኪስ አባላት በአንድ ቀን፣ ሴፕቴምበር 18፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን አልበም አወጡ። ሁሉም ሰው ዓይኑን የጣለው ጂን ሲመንስና ፖል ስታንሊ ላይ ነበር፣ የባንዱ ባለቤት የሚመስሉት እነሱ ስለነበሩ። ሬዲዮውን የወሰደው ግን ዝምተኛው ጊታሪስት ኤስ ሆነ። «ኒው ዮርክ ግሩቭ» አሜሪካ ውስጥ 13ኛ ደረጃ ደረሰ። የሚገርመው ዘፈኑን የጻፈው እሱ አይደለም፣ ራስ ባላርድ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ከላይ ለአዳማው ወዳጄ የነገርኩት ነገር እዚህ ላይ ትንሽ ይንገዳገዳል ማለት ነው። የተቀረው አልበም ግን ባብዛኛው የራሱ ድርሰት ነው፣ አጥንቱም ያ ነው።

ኤስ ዘፋኝ መሆን ይፈራ ነበር። «ኮልድ ጂን»ን ራሱ ጽፎ ሲመንስ እንዲዘፍነው ሰጠው። ከዚያ በዲሴምበር 1976 ፍሎሪዳ ውስጥ ሌክላንድ በሚባል ከተማ፣ መድረክ ላይ እያለ የብረት መደገፊያ ያዘ፣ ብረቱ ኤሌክትሪክ ነበረው። መታው። ለጥቂት ነው የተረፈው። በሚቀጥለው ዓመት ከዚያ አደጋ ተነስቶ «ሾክ ሚ»ን ጻፈ፣ በኪስ አልበም ላይ መሪ ድምፅ ሆኖ የዘፈነው የመጀመሪያ ዘፈኑም ያ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ መሬት ላይ በጀርባው ተኝቶ ነው የቀዳው ይባላል፣ ሰው ሲያየው ስለሚያፍር።

እንግዲህ በፌብሩዋሪ 2024 ያወጣው የመጨረሻው አልበም ስሙ ምን መሰለዎት፦ ቴን ታውዛንድ ቮልትስ። አብሮት የሠራው ትሪክስተር ከሚባለው ባንድ የመጣው ስቲቭ ብራውን ነው፣ ያ ሰው ደግሞ ኤስን እየሰማ ያደገ ትውልድ ነው። ይታወቃል። ድምፁ የጠራ ነው፣ አንዳንዴ እንዲያውም ከመጠን በላይ የተወለወለ ነው፣ እኔ ትንሽ ቆሸሽ ቢል እመርጥ ነበር። ሶሎዎቹ ግን የእሱ ናቸው፤ ያ እየተንተባተበ የሚመስል፣ ጣቱ ገመዱ ላይ የሚወዛወዝበት አመታት ሰባ ዓመት አልፎትም አልተወውም። ጊዜ ካለዎት የ2014ቱን ስፔስ ኢንቬደርም ይጨምሩበት፣ እሱ አሜሪካ ውስጥ 9ኛ ሆኖ ነው የገባው። ኪስ በዲሴምበር 2023 ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ላይ ሲሰናበት ኤስ አልነበረም። በኦክቶበር 2025፣ ወድቆ ከተጎዳ በኋላ፣ በ74 ዓመቱ አረፈ።

ጥያቄ፦ የኩዊንስራይክ አድናቂ ነኝ። የ2013 አልበማቸውን ስፈልግ ሁለት አልበም መጣልኝ። ሁለቱም ኩዊንስራይክ ይላሉ፣ ዘፋኞቹ ግን ሌላና ሌላ ናቸው። አንዱ ፎርጅድ ነው እንዴ?
— ከዱባይ

መልስ፦ ሁለቱም ኦርጅናል ናቸው እህቴ! ነገሩ እንዲህ ነው። በ2012 ባንዱ ዘፋኙን ጄፍ ቴትን አባረረ። እሱም ስሙ የእኔም ነው ብሎ ፍርድ ቤት ሄደ። ጉዳዩ እስኪያልቅ ሁለቱም ወገን በስሙ መጠቀም ስለቻሉ፣ ሁለቱም በ2013 አልበም አወጡ። የቴት ፍሪኩዌንሲ አንኖውን ይባላል፣ የእነሱ ደግሞ የባንዱን ስም ብቻ ነው የያዘው፣ የሚዘፍነው ቶድ ላ ቶሪ ነው። በ2014 ታረቁ፣ ማለትም ተከፋፈሉ፦ ስሙ ለባንዱ ሆነ፣ ቴት ደግሞ ኦፕሬሽን ማይንድክራይም የሚለውን የ1988 አልበም ከዳር እስከ ዳር መድረክ ላይ የማቅረብ መብት ለብቻው ወሰደ። ንብረት ክፍፍል ነው በቃ፣ ቤቱ ለአንዱ፣ መኪናው ለአንዱ። ከሁለቱ የትኛውን ልስማ ካልሽ የላ ቶሪውን ስሚ። የቴትን ስሰማ የችኮላ ሥራ ነው የሚመስለኝ።

ስም ላይ እንዲህ የሚጣሉት ለክብር ብቻ አይደለም። ስሙ ያለው ባንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ይጫወታል፣ ስም የሌለው ክለብ ውስጥ። ስለዚህ የወጣው ሰው ወደ ስሙ ጠጋ ማለት ይፈልጋል። ጊታሪስቱ ኬ ኬ ዳውኒንግ በ2011 ከጁዳስ ፕሪስት ወጣ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ኬ ኬስ ፕሪስት በሚል ስም አልበም ይዞ መጣ። ዘፋኙ ማነው? ከ1996 እስከ 2003 ፕሪስት ውስጥ ሮብ ሃልፎርድን ተክቶ የዘፈነው ሪፐር ኦወንስ። ጊታሩ አያሳፍርም። ግን ዘፈኖቹ በየመሃሉ የድሮውን ባንድ ዘፈኖች እየጠሩ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነበርኩ» ይላሉ፣ እንዲያውም የ1984ቱን «ዘ ሴንቲኔል» ተከታይ ክፍል ሠርቶለታል። ያሳዝነኛል። ፕሪስት ደግሞ ያለ እሱ በ2024 ኢንቪንሲብል ሺልድን አወጣ፣ እሱን ስትሰሚ ማን ወደፊት እያየ እንደሆነ ይገባሻል።

በተቃራኒው ቶኒ አዮሚ ከኦዚ በኋላ ሳባዝ ውስጥ ከዘፈነው ከሮኒ ጄምስ ዲዮ ጋር ተመልሶ ሲሠራ ብላክ ሳባዝ የሚለውን ስም መጠቀም ይችል ነበር። አልተጠቀመም። ከኦዚው ዘመን እንዲለይ ሄቨን ኤንድ ሄል ብለው ወጡ፣ በ2009 ዘ ዴቪል ዩ ኖው የሚለውን አልበም ሠሩ፣ ዲዮ በዓመቱ በካንሰር አረፈ። ከባድ፣ ቀስ ያለ፣ ግርማ ያለው ሥራ ነው። ያላዳመጠ ሰው ይህን ገጽ አጥፎ ይሂድ።

ጥያቄ፦ የድሮ ሮከሮች አዲስ አልበም ሲያወጡ ፍሮንቲየርስ የሚል ስም ደጋግሜ አያለሁ። ምንድን ነው? ሁሉንም ገዛቸው እንዴ?
— ከመቐለ

መልስ፦ ኔፕልስ፣ ጣሊያን ያለ አሳታሚ ነው፣ በ1996 ተቋቋመ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ፊታቸውን ያዞሩባቸውን የሰማንያዎቹን ሮከሮች ሰብስቦ ሥራ ሰጣቸው፣ ለዚህ ክብር ይገባዋል። ዲዮ በራሱ ስም ያቋቋመው ባንድ የመጀመሪያ አባላት ላስት ኢን ላይን ብለው ሲመለሱ፣ የኤል ኤ ገንስ ሁለት ኮከቦች ታርቀው እንደገና ሲቀዱ፣ ያሳተመው እሱ ነው።

ግን ደግሞ ሌላ ልማድ አለው። ከአንዱ ባንድ ዘፋኝ፣ ከሌላው ጊታሪስት፣ ከሦስተኛው ቤዚስት ያመጣና አዲስ ስም ይሰጣቸዋል። ሬቮሉሽን ሴይንትስ አንዱ ነው፣ ሲጀመር የነበሩት፦ ከጆርኒ ድራመሩ ዲን ካስትሮኖቮ፣ ከናይት ሬንጀር ጃክ ብሌድስ፣ ከኋይትስኔክ ዳግ አልድሪች። ወረቀት ላይ ስታየው ምራቅህ ይንጠባጠባል። ስትሰማው ደህና ነው፣ ደህና ብቻ። ለምን እንደሆነ ከጠየቅከኝ፣ ዘፈኖቹን ማን እንደጻፋቸው ተመልከት፦ አሌሳንድሮ ዴል ቬኪዮ የሚል ስም ታገኛለህ። ሌላ የፍሮንቲየርስ አልበም ክፈት፣ እሱ። ሌላ ክፈት፣ አሁንም እሱ። ሰውዬው ጎበዝ ኪቦርዲስትና ፕሮዲውሰር ነው፣ ግን አንድ ሰው ለዚህ ሁሉ ባንድ ሲጽፍ ዝማሬው ሁሉ ወንድማማች ይሆናል።

ጥያቄ፦ ሰባስቲያን ባክ ወይስ ሚክ ማርስ? ሁለቱም በ2024 አወጡ። ለአንዱ ብቻ ነው ጊዜ ያለኝ።
— ሥራ የበዛባት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ባክን ስሚ።

ባክ ከስኪድ ሮው በ1996 ሲባረር ድምፁን ብቻ ነው ይዞ የወጣው፣ «ኤይቲን ኤንድ ላይፍ»ን የመሳሰሉትን የጻፉት ቤዚስቱና ጊታሪስቱ ናቸውና። ለዓመታት ያንን ክፍተት የሚሞላለት ሲያጣ ኖረ። በአዲሱ አልበም ላይ ግን የመጀመሪያው ነጠላ ዜማ ላይ ከጊታሪስቱ ስላሽ ጋር የሚዘፍነው ማይልስ ኬኔዲ በደራሲነት ገብቶለታል። ልዩነቱ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይሰማሻል። ጩኸቱም ገና አለ፣ ከየት እንደሚያመጣው እንጃ።

ሚክ ማርስ ግን የሚከበር ሰው ነው። አከርካሪን የሚያደርቅ በሽታ ይዞ ሞትሊ ክሩ ውስጥ አርባ ዓመት ቆሞ ጊታር መታ። በ2022 ከቱር መውጣቱን አሳወቀ፣ በ2023 ከባንዱ ጋር በገንዘብ ተካሰሱ፣ ከዚያ በ72 ዓመቱ የሕይወቱን የመጀመሪያ የግል አልበም አወጣ። የጊታሩ ድምፅ ሕንፃ ያንቀሳቅሳል። ዘፈኖቹ ናቸው እኩል ያልሄዱለት። ቅዳሜ ጊዜ ስታገኚ ስሚው።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ የፈረንጅ ወሬ ነው። ከእኛ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?
— ተቆርቋሪ፣ ከጅማ

መልስ፦ አለ፣ ተቆርቋሪ። ጃኖ ባንድ በ2012 ያወጣውን ኤርታሌን ፕሮዲውስ ያደረገው ቢል ላዝዌል ነው፣ የጂጂን የ2001 አልበም የሠራው ያው ሰው። ይህ ሰው በ1986 ሞተርሄድ የሚባለውን ባንድ ኦርጋዝማትሮን የተሰኘ አልበምም ሠርቷል። የባንዱ መሪ ሌሚ በድምፅ ቅንብሩ ደስተኛ አልነበረም፣ እኔ ግን ያንን ጭቃ የመሰለ ድምፅ እወደዋለሁ። ኤርታሌ ላይ ጊታሩ ከፍ ሲል ያው እጅ ይሰማኛል።

ስለ ሌሚ ካነሳን አይቀር፣ እሱም የተባረረ ነው። በ1975 ሆክዊንድ ከሚባለው ባንድ ጋር ቱር ላይ እያለ የካናዳ ድንበር ላይ በአደንዛዥ ዕፅ ተያዘና ባንዱ አሰናበተው። ለእነሱ የጻፈላቸው የመጨረሻው ዘፈን «ሞተርሄድ» ይባል ነበር። ዘፈኑን ይዞ ወጣ፣ ስሙን ለአዲሱ ባንዱ ሰጠው፣ በ2015 እስኪሞት ድረስ በዚያ ስም ተጫወተ።

ጥያቄ፦ የጆርኒ የድሮ ዘፋኝ ስቲቭ ፔሪ ወደ ባንዱ ይመለሳል?
— ከለንደን

መልስ፦ አይመስለኝም። በ2017 ባንዱ ወደ ሮክ የክብር አዳራሽ ሲገባ መጥቶ አመስግኗቸው፣ ሳይዘፍን ወረደ። ጆርኒም በ2007 ፊሊፒናዊውን አርኔል ፒኔዳን ከዩቲዩብ አግኝቶ ቦታውን ሞልቷል። ፔሪ 24 ዓመት ያህል የግል አልበም ሳያወጣ ቆይቶ በ2018 ትሬስስን ያወጣው፣ በካንሰር የሞተችው ፍቅረኛው ከሰው ርቀህ አትቀመጥ ብላ ቃል ስላስገባችው እንደሆነ ራሱ ተናግሯል። ሮክ ነው ብለህ አትጠብቅ፣ ባብዛኛው ቀስ ያለ የፍቅር ዘፈን ነው። ድምፁ ጎርነን ብሏል። የጆርኒውን ፔሪ ከፈለግህ ግን የ1981ን አልበም ክፈት፣ እሱ አሁንም እዚያው ነው ያለው።